«የድሮው ምን አለው?»

አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት በገባ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «የድሮው ምን አለው?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ ጠያቂውም ብዙውን ጊዜ መልስ የሚጠብቅ አይመስልም። በዚህም ምክንያት አዲሱን መሣሪያ ያመጣው ወገን ጠያቂውን «ለውጥ የማይወድ» ወይም «ኋላ ቀር» ብሎ ያልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ጥያቄው ትክክለኛ መልስ የሚገባው መሆኑን ማስረዳት ነው። አዲስ ነገርን አልቀበልም የሚል ሁሉ ያላወቀ አይደለም፤ ፈጥኖ የሚቀበልም ሁሉ ያወቀ አይደለም። የሁለቱንም ምክንያት መርምሮ መለየት ያስፈልጋል። ለዚህም ምርመራ በዘመናችን በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ የሚያከራክረውን የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን፣ እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

ሥርዓተ ክወና ማለት ምን ማለት ነው? ከሸዋ ሮቢት ወንዞች ዳር በመስኖ የሚያለማን ገበሬ ብትጠይቁ «የውሃ አባት» የሚባለውን ሰው ሥራ ያስረዳችኋል። የውሃ አባት በሥልጣኑ አይዘራም፣ አያርምም፣ አያጭድም። ነገር ግን ውሃው ዛሬ ወደ ማን ማሳ እንደሚገባ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ተራው የማን እንደሆነ የሚወስነው እርሱ ነው። የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወናም እንዲሁ ነው። ደብዳቤ አይጽፍም፣ ሒሳብ አይሠራም፤ ደብዳቤ የሚጽፈውና ሒሳብ የሚሠራው ፕሮግራም ግን የማሽኑን ጉልበትና የማስታወሻ ቦታ የሚያገኘው በእርሱ ፈቃድና በእርሱ ተራ ብቻ ነው። እንግዲህ የውሃ አባት ሲለወጥ ገበሬው ሁሉ ስለ ተራው እንደሚጨነቅ፣ ሥርዓተ ክወና ሲለወጥም በኮምፒዩተሩ የሚሠራው ሰው ሁሉ ቢጨነቅ ሊያስደንቀን አይገባም።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ላወጣው ዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ይህ ማለት ማሽኑ በዚያ ቀን መሥራት አቆመ ማለት አይደለም። እንደ ቀድሞው ይበራል፣ እንደ ቀድሞው ይጽፋል። የሚቀረው መደበኛው የደኅንነት ጥገናው ነው፤ ሌቦች አዲስ ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር ቀዳዳው እንደ ቀድሞው በመደበኛነት አይደፈንም። ወደ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ደግሞ ማሽኑ ራሱ አዲስ ዓይነት ፕሮሰሰርና የደኅንነት ቺፕ እንዲኖረው ይጠየቃል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ይህን አያሟሉም። ስለዚህ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በካራ ቆሬ በሚያልፈው የደሴ መንገድ ዳር አሮጌ ኮምፒዩተር ይዞ የሚሠራ ትምህርት ቤት፣ ጽሕፈት ቤት ወይም የፎቶ ኮፒ ሱቅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ቀርቦለታል። በያዘው ይቀጥል? አዲስ ማሽን ይግዛ? ወይስ ሌላ ዓይነት ሥርዓተ ክወና ይልመድ?

አሁን ደግሞ እምቢ የሚለውን ሰው ምክንያት እንመልከት።

የመጀመሪያው ምክንያት ልምድ ሀብት መሆኑ ነው። ሃያ ዓመት በጽሕፈት ሥራ የኖረችን አንዲት ጸሐፊ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ጣቶቿ ፊደሉን ሳታይ ያውቁታል፤ ፋይሉ የተቀመጠበትን ቦታ ስትከፍት አታስብም። ይህ ችሎታ በአንድ ሌሊት የተገኘ አይደለም፤ የዕድሜዋ ቁራጭ ነው። አንድ ማለዳ ወደ ቢሮዋ ስትገባ ቁልፎቹ ቦታ ለውጠው፣ ስሞቹ ተቀይረው ብታገኝ፣ ትናንት ሌሎችን ታስተምር የነበረችው ባለሙያ ዛሬ ትናንት የተቀጠረውን ወጣት «ይህ የት ነው?» ብላ ለመጠየቅ ትገደዳለች። አለቃዋ የሚያየው የዘገየውን ደብዳቤ ብቻ ነው። እርስዋ ግን ክብርዋን እንደተነጠቀች ትቆጥረዋለች። እንዲህ ያለውን ሰው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ሲል ብትሰሙት ምሬቱን እንጂ ስንፍናውን አትስሙ።

ሁለተኛው ምክንያት የጥፋት ትዝታ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። የአማርኛን ጽሕፈት ታሪክ ያየ ሰው ይህን ስጋት በሚገባ ይረዳዋል። የፊደል ገበታችን ከ33 በሰባት የተባዙ 231 ፊደላት ይዟል፤ ይህን ሁሉ በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ስላልተቻለ በድሮው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊደሉና ምልክቱ ተነጣጥለው ይመቱ ነበር። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ይህ ችግር ተቃለለ፤ ነገር ግን ሌላ ችግር ተተካ። የግዕዝ ፊደል ያወጣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን የቁጥር ምሥጢር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። መድኃኒቱ የተገኘው የዓለም ፊደላትን ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል በሦስተኛው እትሙ በተቀበለ ጊዜ ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ይዞ መጣ። ሆኖም ለዓመታት በአሮጌው ፕሮግራም የጻፈ ሰው የድካሙ ፍሬ በአዲሱ ማሽን እንዳይነበብ ቢፈራ ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም።

በይፋት ደግሞ ለዚህ ፍርሃት ሌላ ሥር አለው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ ላይ የደረሰው ቃጠሎ፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት መዝለቁ፣ የአካባቢው ሰው ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ሊያጣ እንደሚችል አስተምረውታል። አንድ ጊዜ ያጣ ሰው በእጁ የቀረውን አጥብቆ መያዙ የተፈጥሮ ሕግ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ዋጋ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ክወና በብዙ የኢንተርኔት መስመር ይወርዳል፤ የሚወርድበትን ዳታ የሚከፍለው ደግሞ ተጠቃሚው ነው። መብራት በመካከል ቢጠፋ ሥራው ይሰናከላል። አሮጌው የማተሚያ ማሽን ከአዲሱ ጋር አልግባባም ሊል ይችላል። ሠራተኛው እስኪለምድ ድረስ የሚባክነውም ጊዜ በገንዘብ ይተመናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሰው ትርፉ ካልታየው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ተማሪዎች! እስካሁን የተቆጠሩት ምክንያቶች ተጠቃሚው አንዳንድ ጊዜ ከሠሪው ይልቅ ትክክል ሊሆን እንደሚችል ያመለክታሉ። ይህም በተግባር ታይቷል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ፣ ተጠቃሚው ከ1995 ጀምሮ የለመደውን ስታርት የሚባለውን ቁልፍ ከቦታው አነሳው። በምትኩ በጣት ለሚነካ ስክሪን የሚመቹ ባለ ቀለም ሰሌዳዎችን ደረደረ። በጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተር በማውስ የሚሠራው ሕዝብ ግን «ይህ ለእኔ አልተሠራም» ብሎ አጉረመረመ። ኩባንያው በማግሥቱ ዓመት ቁልፉን መለሰ፤ በ2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከቁልፉ ሥር የነበረውን ዝርዝር ጭምር መልሶ አመጣ። በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ ኩባንያዎች አንዱ «የድሮው ምን አለው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አጥቶ ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው።

ታዲያ ሰው አዲስ ነገርን የሚቀበለው መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከኮምፒዩተሩ ፊት ተነሥታችሁ ወደ ቀወት ማሳ ውጡ። በይፋት ቆላ ማሾ ዛሬ የታወቀ ሰብል ነው። ገበሬው ከማሽላና ከጤፍ ጎን ለምን ተቀበለው? በአጭር ጊዜ ይደርሳል፤ ስለዚህ ዝናብ ባጠረበት ዘመን እንኳ ተስፋ ይሰጣል። ለገበያ ስለሚፈለግ ገንዘብ ያመጣል። ማረሻው፣ በሬውና ማሳው ያው የድሮው ናቸው። በጥማድ ሳይሆን በጥቂት መደብ ላይ ሊሞከር ይችላል። ከሁሉም በላይ የጎረቤት ማሾ ሲሸጥ በዓይን ይታያል።

ኤቨረት ሮጀርስ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ የአዲስ ነገርን ተቀባይነት የሚወስኑት አምስት ባሕርያት እነዚሁ መሆናቸውን አስረድቷል። አንደኛ፣ ከድሮው የሚበልጥ ጥቅም፤ ሁለተኛ፣ ከነባሩ ኑሮና ልማድ ጋር መስማማት፤ ሦስተኛ፣ አለመወሳሰብ፤ አራተኛ፣ በጥቂቱ ለመሞከር መመቸት፤ አምስተኛ፣ ውጤቱ ለሌሎች መታየት ናቸው። የይፋት ገበሬ ይህን መጽሐፍ ባያነብም ፍሬ ነገሩን ግን ከማሳው ላይ ያውቀዋል።

ከራሳችን የእርሻ ታሪክ ሌላ ምስክር እንጥራ። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዘር በብዙ ሥፍራ በፍጥነት ተወዷል። ምርቱ ብዙ፣ ፍሬው ነጭ ነው፤ ገበሬው ዘሩን ከመቀየሩ በቀር አሠራሩን እንዲለውጥ አልተጠየቀም። በአንጻሩ ጤፍን በብተና መዝራት ቀርቶ በመስመር ይዘራ የሚለው ምክር ከፍተኛ ቅስቀሳ ቢደረግለትም የዚያን ያህል አልተያዘም። ዘር ይቆጥባል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እንደ ጤፍ ያለችን ደቃቅ ዘር በመስመር ማስፈር ብዙ ጉልበትና ብዙ ጊዜ ይጠይቃል፤ የዘር ወራት ደግሞ አይጠብቅም። ያው ገበሬ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን ቢያመነታ ለውጥን ጠልቶ ሳይሆን ሒሳብ ሠርቶ ነው።

የመቀበል ጉዳይ ጊዜ እንደሚፈልግም መዘንጋት የለበትም። ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የአዮዋ ገበሬዎች የተዳቀለ የበቆሎ ዘርን እንዴት እንደተቀበሉ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1943 አሳትመዋል። ካጠኗቸው 259 ገበሬዎች መካከል ከሁለቱ በቀር ሁሉም በመጨረሻ ዘሩን ተቀብለዋል። ነገር ግን ነገሩ ከአሥር ዓመት በላይ ወስዷል፤ ብዙዎቹም በመጀመሪያ በጥቂት ማሳ ሞክረው፣ ጎረቤታቸውን አይተው ነበር የወሰኑት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የእኛ ተረት በአዮዋም ሠርቷል።

ይሁን እንጂ እምቢታን ሁሉ እንደ ጥበብ መቁጠር ሌላ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ፤ ሕሙማን ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላኩ። ልብ በሉ፤ ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ጥገና ጥቃቱ ከመድረሱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ተሰጥቶ ነበር። የተጎዱት በአብዛኛው ጥገናውን ያልተቀበሉ ወይም ድጋፉ ባበቃ ማሽን የሚሠሩ ነበሩ። «የድሮው ምን አለው?» ለሚለው ጥያቄ በዚያ ሳምንት የተሰጠው መልስ «ቀዳዳ አለው» የሚል ነበር። የጤና ጣቢያን የሕሙማን መዝገብ ወይም የትምህርት ቤትን የውጤት መዝገብ የያዘ ሰው ማሽኑ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት። በግል ደብተር ላይ ስንፍና የግል ጉዳት ነው፤ በሕዝብ መዝገብ ላይ ግን የሕዝብ ጉዳት ነው።

አሁን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተመልከቱ። በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ሥርዓተ ክወና ሲመጣ የሚያጉረመርመው ያው ሰው፣ በኪሱ ውስጥ ፈጽሞ አዲስ የሆነ ሥርዓተ ክወና ያለ አንዳች ክርክር ተቀብሎ ይዞራል። አንድሮይድ የተባለው የስልክ ሥርዓተ ክወና ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዛሬ በሸዋ ሮቢት ገበያ የሽንኩርት ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ፣ ከሩቅ አገር ልጁ የምትልክለትን ፎቶግራፍ የሚያይ አባት፣ የአንድሮይድን ስም ሳይሰማ በአንድሮይድ ይሠራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስልኩ ከድሮው ቦታ ምንም አልቀማውም፤ ቀድሞ ያልነበረውን ሰጠው እንጂ። በአማርኛ ይጽፍበታል። የሚያስተምረውም የራሱ ልጅ ወይም ጎረቤቱ ነው፤ ሲሳሳትም አለቃ ቆሞ አያየውም።

ከዚህም ሌላ አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ እምብርት ላይ ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በነጻ ስለሚገኝና ከዝርያዎቹ መካከል በአሮጌ ማሽን ላይ ለመሥራት የሚችሉ ስላሉ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸውን ኮምፒዩተሮች ከመጣል ሊያድን ይችላል። ነገር ግን «ሊኑክስ ከባድ ነው» እየተባለ ይፈራል። የሚፈራው ሰው ግን በየቀኑ በኪሱ ይዞት ይውላል! እንግዲህ የፍርሃቱ አንዱ ክፍል ከነገሩ ሳይሆን ከስሙ የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል።

በትእዛዝ ብቻ የሚመጣ ለውጥስ? በኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም በታዘዘ ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን ያልተጠቀመ ብዙ አሽከርካሪ ለመማር ተገደደ። ትእዛዝ እጅን ያንቀሳቅሳል። ልብን ለማሳመን ግን ብቻውን አይበቃም። የጀርመኗ የሙኒክ ከተማ አስተዳደር ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒዩተሮቹን ለዓመታት ደክሞ ወደ ሊኑክስ ካዛወረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። የውሳኔው ምክንያት ብዙ ነው፤ አከራካሪም ነው። አንድ ነገር ግን አያከራክርም፦ ማሽንን መለወጥና ሰውን መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። አዲሱን የሚያመጣ ወገን አስቀድሞ «ምን ይጠቅማቸዋል?» ብሎ ይጠይቅ። ፍሬድ ዴቪስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ጥናት ሰዎች አንድን የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንዲጠቀሙ ይበልጥ የሚገፋፋቸው የመቅለሉ ነገር ሳይሆን የመጥቀሙ ነገር መሆኑን አሳይቷል። ጥቅሙ የታየው ሰው ችግሩን ይታገሣል። ከዚያም ፋይሎች ሁሉ በሁለት ቦታ ይገልበጡ፤ አንዱ ቅጂ ከማሽኑ ውጭ፣ የሚቻልም ከሆነ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። በአንድ ማሽን ይሞከር እንጂ በአንድ ሌሊት ሁሉም አይለወጥ፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነውና። ለመማሪያ የሚሆን ጊዜ ከሥራ ሰዓት ላይ ይሰጥ። የቆየችው ጸሐፊ ከሁሉ በኋላ የምትነገር ሳትሆን ከሁሉ በፊት የምትጠየቅ ትሁን፤ የሥራውን ጠባይ ከእርስዋ የበለጠ የሚያውቀው የለምና።

የሚቀበለውም ወገን ግዴታ አለበት። እምቢታው ምክንያት ካለው ምክንያቱን በግልጽ ይናገር፤ «አልወደድኩትም» ማለት አስተያየት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሞክሮ ያልተቀበለ ሰው ይከበራል። ሳይሞክር ያልተቀበለ ግን የልማድ እስረኛ ነው።

እናንተ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ክርክር መካከል ቆማችኋል። ጣቶቻችሁ ፈጣኖች ናቸው፤ ምናልባትም አባታችሁ አንድ ሰዓት የሚፈጅበትን ነገር በደቂቃ ትፈጽሙት ይሆናል። ይህ ችሎታ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መንገድ ስልኩን ከእጃቸው ነጥቆ፣ ነካክቶ፣ «በቃ፣ ተስተካክሏል» ብሎ መመለስ ነው፤ ይህ ያሳፍራቸዋል እንጂ አያስተምራቸውም። ሁለተኛው መንገድ አጠገባቸው ተቀምጦ ስልኩን በእጃቸው ላይ ትቶ፣ ጣታቸውን እየመሩ ሦስት ጊዜ ማስደገም ነው። ትዕግሥት የጎደለው ወጣት ካለ፣ አዲሱን ነገር የሚያስጠላቸው ነገሩ ራሱ ሳይሆን የእርሱ ፊት መሆኑን ይወቅ።

አዲስ ነገር ወደ ቤታችሁ፣ ወደ ክፍላችሁ ወይም ወደ ማሳችሁ ሲመጣ ሁለት ጥያቄዎችን ጎን ለጎን አቅርቡ፦ «የድሮው ምን አለው? አዲሱስ ምን ይጨምራል?» የሁለቱንም መልስ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሚዛን አስቀምጡት። የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠይቅ ሰው ካለበት አይንቀሳቀስም፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚጠይቅ ደግሞ የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ሁለቱንም ጠይቆ፣ ሞክሮ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተማክሮ የሚወስን ሰው ግን የይፋት ገበሬ በማሾው እንዳደረገው ድሮውንም ሳይጥል አዲሱን ያተርፋል።